የአክስቴ በርበሬ

ዛሬ የምጽፍልህ ኑዛዜ ነው። አክስቴ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በአሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ትልካለች። እኔም የተማርሁ ነኝና የኢንተርኔት ገጽ ሠራሁላት። በጉግል በርበሬ የሚፈልግ ሁሉ እርሷን አስቀድሞ እንዲያገኝ «ምርጥ በርበሬ» የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ደጋገምሁ፤ ከፊሉንም በነጭ መደብ ላይ በነጭ ፊደል ሸሸግሁት።

ለካስ ተንኰሌ ጊዜው ያለፈበት ኖሯል! ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠረት አንድን ገጽ የሚመዝነው በቃሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን የትኞቹ ሌሎች ገጾች እንደሚጠቁሙት እያየ ነበር። በ2011 ፓንዳ በተባለው ማሻሻያ ፍሬ ቢስ ጽሑፍን፣ በ2012 ፔንግዊን በተባለው ደግሞ የተገዛ ጥቆማንና የቃል ድግግሞሽን ወደ ታች ጣለ። የእኔንም ገጽ የሚያይ ጠፋ።

አፍሬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ዛላው እንዴት እንደሚቀነጠስ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር እንዴት እንደሚደለዝ፣ ኮረሪማው መቼ እንደሚገባ ጠይቄ፣ እንደ ነገረችኝ ጻፍሁ። ገዢም መጣ።

ዳሩ ግን ከ2024 ወዲህ ጉግል ለብዙ ጥያቄ መልሱን ራሱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠናቅሮ ከገጾቹ ሁሉ በላይ ያስቀምጠው ጀመር። ጠያቂው እርሱን አንብቦ ይሄዳል፤ ደጃችንን አይረግጥም። ይህን ስነግራት አክስቴ ሰፌዷን አስቀምጣ፣ «ታዲያ ሙያዬን ወስደው በርበሬዬን ትተው ሄዱ በለኛ!» አለችኝ።

እናንት የንግድ ትምህርት ተማሪዎች፣ እስቲ መልሱልኝ። ያታለለ ሰው ቅጣቱን አየሁት፤ እውነቱን የጻፈ ሰው ዋጋው ምንድን ነው?