«ትንሽ ብቻ» የሚባል ልክ

ፎገራ ውስጥ «አልጠጣም» ማለት ይቻላል። ስለት አለብኝ፣ ጠበል ላይ ነኝ፣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ ያለን ሰው ማንም አያስቸግረውም። ለሙስሊም ጎረቤትም የሚጠጣው ለብቻ ይዘጋጅለታል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የማይቻለው «ትንሽ ብቻ» ማለት ነው። አልጠጣም ያለ ይከበራል፤ ትንሽ ብቻ ያለ ይሞላለታል።

እኔ ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ «ትንሽ ብቻ» ባይ ሆኛለሁ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የግል ሆስፒታል፣ ስሊቭ የሚባለው የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ያኔ 118 ኪሎ ነበርኩ። እናቴ በስኳር በሽታ ነው የሞተችው፤ የእኔም ስኳር ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ስሊቭ ማለት ከጨጓራ ሦስት አራተኛ የሚሆነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የሚያህል ቱቦ ይቀራል ማለት ነው። በዓመቱ 79 ኪሎ ገባሁ። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ «እንዴት አማረብሽ!» አሉኝ። ቁሐር ሚካኤል ያለችው አክስቴ ግን ፎቶዬን ስታይ «ውይ! ምን ነክቷት ነው እንዲህ የከሳችው?» ብላ አለቀሰች አሉ። እሷ አገር ሰው የሚከሳው ሲታመም ወይም ሲቸግረው ነው፤ ከፍሎ የሚከሳ ሰው አይታ አታውቅም።

ስለ መጠጥ ሐኪሞች የሚሉት ተመሳሳይ ነው። ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙዎቹ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አልኮል አይነካም። ከዚያ በኋላም የተሻለው ጨርሶ አለመጠጣት ነው፤ የግድ ከሆነ በልክ፣ ቀስ እያሉ፣ መኪና ሳይነዱ። እኔም ዓመቱን ጠበቅኩ። ችግሩ ዓመቱ ያለቀው ጥቅምት 2015 ላይ መሆኑ ነው፤ በቀጣዩ ወር 12 ቀን ደግሞ ህዳር ሚካኤል ነው፤ የአክስቴም ዝክር በዚሁ ቀን ይውላል።

ስለ ምግብ ብዙም አልሰጋሁም። በእኔ ሆድ እንጀራ አጥር አለው። ሦስት አራት ጉርሻ እሺ ይላል፤ የሚቀጥለው ደረቴ ላይ ይቆምና «በቃ!» ይላል። ፈቃደ ሥጋ፣ ፈቃደ ነፍስ የሚባል ነገር የለም፤ ሥጋው ራሱ እምቢ ይላል። ሰው ስለዚህ ሕክምና ሲያስብ የሚመጣለትም ይሄ ነው፤ ሆዷ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ነገር በትንሹ ይበቃታል ብሎ ያስባል። መጠጥ ግን አጥሩን አያውቀውም። ፈሳሽ ነው፤ ቱቦዋን አልፎ ቶሎ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል፤ አልኮል በብዛት ወደ ደም የሚገባው ደግሞ እዚያ ነው። ሙሉ ጨጓራ ያለው ሰው ጠላውን ከበላው ምግብ ጋር ትንሽ ያቆየዋል፣ ጥቂቱንም እዚያው ይሰባብረዋል። እኔ የማቆይበት ቦታ የለኝም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው የእንጀራውን በር አጠበበልኝ፤ የመጠጡን በር ግን ከበፊቱ ይልቅ ወለል አድርጎ ከፈተው።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ባይፓስ የሚባለውን ሌላውን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሴቶችን መጠጥ አጠጥቶ ደማቸውን ለክቶ ነበር። ሁለት ብርጭቆ የጠጡት ሴቶች ደም፣ ሕክምናውን ያላደረገች ሴት አራት ብርጭቆ ጠጥታ የምትደርስበት ቦታ ደርሶ ተገኘ። በስሊቭ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች እርስ በርስ አልተስማሙም ነበር፤ በኋላ የተደረጉት ግን ከባይፓስ ብዙም እንደማይርቅ አሳይተዋል።

አሁን ይሄን ይዤ ወደ ፎገራ መጠጥ ልምጣ። ቢራ ቀላሉ ነው፤ ጋዙ ራሱ አያስጠጋኝም። አረቄ ከሁሉም አሳሳች ነው፤ መለኪያዋ ትንሽ ስለሆነች ልከኛ ትመስላለች። ግን 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ ውስጥ 45 በመቶ አልኮል ያለው ዳግም አረቄ ካለ፣ ንጹሕ አልኮሉ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እኔ ያቺን አንዷን መለኪያ ብጨልጥ ሁለት እንደጠጣሁ ነው፤ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ።

ጠላ ነው የከበደኝ። አንደኛ፣ የአክስቴን ጠላ እወደዋለሁ። ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዙን ካስተዋወቁት ወዲህ እንጀራውም ከጤፍ ጋር በሩዝ ይጋገራል፣ ጠላውም በሩዝ ይጠመቃል። ሁለተኛ፣ ጠላ ከቤት ቤት ይለያያል። ጠርሙስ ላይ እንደሚጻፈው ያለ ቁጥር የለውም። የአንዷ ቤት ጠላ እንደ ውሃ ሲወርድ የሌላዋ ጉልበት ይይዛል፤ ይህንንም የምታውቀው ጠማቂዋ ብቻ ናት። ሦስተኛው ከሁለቱም ይብሳል፤ ጠላን የሚለካው ጠጪው አይደለም፣ አሳላፊው ነው። ጣሳው ሳይጎድል ይሞላል። ስንት እንደጠጣሽ ብትጠየቂ መልስ የለሽም፤ ጣሳሽ ቀኑን ሙሉ ሙሉ ነበራ! (በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወርዷል። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» የምትለዋን አክስቴን የሚያወርድ አዋጅ ግን ገና አልወጣም።)

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ጓደኛዬ ልናገር፤ ፈቅዳልኛለች። ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ ባይፓስ ተደርጎላታል፤ የተዋወቅነውም ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ነው። በፊት መጠጥ የምትወድ ሰው አልነበረችም። የመጀመሪያውን ዓመት ምንም ሳትነካ ጨረሰች፤ 41 ኪሎ ቀነሰች፤ ሁሉም አጨበጨበላት። በሁለተኛው ዓመት ነው ከሥራ ስትወጣ አንድ ብርጭቆ ወይን የለመደችው። አንድ ብርጭቆ ብቻ። በቶሎ ሞቅ ያደርጋታል፣ በቶሎም ይለቃታል፤ ሲለቃት ሁለተኛው ይመጣል። «በፊት ስከፋ እበላ ነበር፣ አሁን መብላት አልችልም» ብላኛለች አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ አድርጋ። ከዚያ ሦስተኛው መጣ። ከዚያ መቁጠር ቀረ። አሁን ሕክምና ላይ ናት፤ ጨርሳ ትታለች።

የእሷ ነገር የእሷ ብቻ እንዳይመስል፣ ቁጥሩም ይህንኑ ይላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ወደ 2,000 የሚጠጉ የቀዶ ሕክምናው ተጠቃሚዎች ተጠይቀው ነበር። ከሕክምናው በፊት ባለው ዓመት የአልኮል ችግር የታየባቸው 7.6 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት አልጨመረም። በሁለተኛው ዓመት 9.6 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ጊዜው ነው። ሐኪሙ፣ ቤተሰቡ፣ ጓደኛው ዓይኑን የሚተክልብሽ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ነገሩ የሚመጣው ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው።

ይሄንን «ሱስ ከምግብ ወደ መጠጥ ተዛወረ» ብለው የሚያስረዱት አሉ። እኔ አባባሉን አልወደውም። ሰውየዋ ከመጀመሪያውም ሱሰኛ ነበረች፣ ዕቃ ብቻ ቀየረች ማለት ይመስላል። ሰውነቷ መጠጥ የሚቀበልበት መንገድ ራሱ ተቀይሯል እኮ! ድሮ ቀስ ብሎ ይገባ የነበረው አሁን ባንዴ ጭንቅላት ላይ ይወጣል፤ ቶሎ የሚያሞቅ ነገር ደግሞ ማንንም ቶሎ ይይዛል። ይህን ሳይነግሩ ባሕርይዋን መውቀስ አግባብ አይመስለኝም።

እና ህዳር 11 ቀን ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስሄድ በጆሮዬ የነበረው የጓደኛዬ ድምፅ ነው። ከጉማራ ወንዝ ወዲህ ሜዳው ወርቅማ ሆኖ ነበር፤ ሩዙ አንዳንዱ ቦታ ታጭዷል፣ አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። አክስቴ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እንደ ልማዷ አቀፈችኝና እጇን ጎኔ ላይ ስታሳርፍ አጥንት አገኘች። ምንም አላለችም። ወደ ጓዳ ገብታ ጣሳ ሙሉ ጠላ ይዛ መጣች።

«እቴቴ፣ ትንሽ ብቻ» አልኳት።

«ትንሽ ነው እኮ፣ ልጄ።» ጣሳው አፉ ድረስ ነበር።

አስቀመጥኩትና ወደ ጓዳ ተከትያት ገባሁ። ጋኖቹ ተደርድረዋል። እዚያ፣ ሰው በሌለበት፣ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀዶ ሕክምናውን፣ ሙዝ የምታህለውን ቱቦ፣ ሁለቱ እንደ አራት የሚሆንበትን ነገር። ጥናት ምናምን አላልኳትም። «ድፍድፍ ያለ እንስራ ሲጠነስሱ ጊዜ ይሰጡታል አይደል? የእኔ እንስራ ጊዜ አይሰጥም፤ እንደገባ ያልፋል» አልኳት። ጠማቂ ስለሆነች ከሐኪሙ ሥዕል ይልቅ ይሄ ገባት። ዝም ብላ ቆየችና «እና ቅራሪውን ለምን አትጠጪም?» አለችኝ።

ቅራሪ። ረስቼው ነበር። ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭኑ ጠላ። ለልጆች፣ ለአጫጆች፣ በቀትር ለሚጠማው። እንግዳ ፊት አይቀርብም፤ ማቅረብ ስድብ ነው። አክስቴ ግን አንዷን እንስራ ለይታ አሳየችኝ። የከተማ ሰው «ላይት» ብሎ በዋጋ የሚገዛው ነገር እዚህ በነፃ፣ ያውም ሰው እንዳያየው ተደብቆ ተቀምጧል።

ቅራሪም ቢሆን አልኮል አለበት። ስለዚህ ቡና ሲኒ አነሳሁ። «ጠላ በሲኒ?» ብላ ሳቀች፤ «ሰው ቢያይሽ አበደች ይልሻል።» እውነቷን ነው። ታዲያ ሰው እንዳያየኝ የሚያደርግ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም መሐሉ ነው። በማግሥቱ ማሰሮውን ተቀብዬ አሳላፊ ሆንኩ።

አሳላፊን ማንም «ጠጪ» አይላትም። ከመቅዳቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ጠላው ንጹሕ ነው፣ እመኑኝ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ትቅዳ እንጂ ትጠጣ አይባልም። ካህናቱ ዝክሩን ባርከው ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ የጠጣሁት መዳፌ ላይ የቀመስኩትንና ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ምግብ ከበላሁ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ፣ ቀስ እያልኩ ያጣጣምኳትን አንዲት ሲኒ ቅራሪ ነው። ሁለተኛ ሲኒ ባልጠላ ነበር። አልቀዳሁም።

ያላሰብኩት ነገር፣ ማሰሮውን ስይዝ ልኩም በእጄ መግባቱን ነው። አንድ አባት ነበሩ፤ ጨጓራቸውን እንደሚያማቸው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጣሳቸው ግማሽ ሲደርስ ልሞላ ጎንበስ ስል ጣታቸውን አፉ ላይ አደረጉ። «በቃኝ፣ ልጄ።» በአገሩ ወግ ይህ «ለምኚኝ» ማለት ነው። ሦስት ጊዜ መማል፣ ጣታቸውን ማንሳት፣ መሙላት ነበረብኝ። ዙሪያው ሁሉ እየጠበቀኝ ነው። እኔ ግን «እሺ፣ አባቴ» ብዬ አለፍኩ።

ጸጥ አለ። ከጥግ አንዱ «የከተማ ልጅ ስስታም ናት» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ቅር ብሏቸው ይሁን ደስ ብሏቸው ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። ከጣሳው ላይ ግን ጣታቸውን አላነሱም፤ ዝክሩ እስኪያልቅ በዚያው ግማሽ ቆዩ። አክስቴ ማታ ዕቃ ስናጥብ «አሳፈርሽኝ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ባለቤታቸው አመስግኚልኝ ብላለች» አለች። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የተናገረችው።

ለሰኔ ሚካኤል ደግሞ ደወለችልኝ። ቅራሪው ተለይቶ ይቀመጥልሻል፣ ሲኒም ገዝቼልሻለሁ፣ ጆሮ ያለው ነው፣ አለች። ከዚያ ስለ ጓደኛዬ ጠየቀችኝ፤ ጓዳ ውስጥ ነግሬያት ነበር።

«እሷንም ይዘሻት ነይ፤ ቅራሪውን ለሁለታችሁ አደርገዋለሁ።»

«ለእሷ ቅራሪም አይሆንም፣ እቴቴ። ጠብታም ቢሆን።»

«ጠብታም?»

«ጠብታም።»

ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች።

«እንግዲያው ተልባ እበጠብጥላታለሁ» አለች። «እሱን በጣሳ ነው የምሰጣት፤ ሙሉ አድርጌ።»