በድዬፕ የባሕር ዳር የዘንግ ፍለጋ

ከፓሪስ ተነሥቶ በሩዋን በኩል ወደ ማንሽ ባሕር የሚወርደው የባቡር መንገድ የሚያልቀው ድዬፕ በምትባለው የኖርማንዲ ወደብ ነው። ይህች ከተማ ስለ ዓሣዋና ቀድሞ ስለ ነበሩባት የዝሆን ጥርስ ጠራቢዎች ስሟ የታወቀ ነው። የጠራቢዎቹም ሥራ ዛሬ በኮረብታው ራስ ላይ ባለው አሮጌ ግንብ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ኦገስት 19 ቀን ከ900 የሚበልጡ የካናዳ ወታደሮች ሕይወታቸውን ያጡበት ዘመቻ የተደረገውም በዚሁ ስፍራ ነው።

እኛ ግን የሄድነው ይህን ለማየት አልነበረም። በሩዋን የምትኖረው ታናሽ እኅታችን ባሏ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅዋ አባቱ የተወለትን ሰርቮላን ይዤ ወደ ባሕር ካልሄድሁ እያለ ቢያስቸግራት፥ ለጥየቃ በመጣንበት ጊዜ «ወንድም ጋሼ፥ እባክዎ እርስዎ ይውሰዱልኝ፤ እኔስ ያን ስፍራ ለማየት አልቻልሁም» አለችን።

ሰርቮላን ማለት በፈረንሳይ ቋንቋ የሚበር አጋዘን ማለት ነው፤ እንግሊዞች ካይት ይሉታል። ልጆች በአንድ ክር የሚያበሩት ተራው ሲሆን፥ ይህኛው ግን በሁለት ክር የሚነዳ ነው። የቀኙን ክር ቢስቡት ወደ ቀኝ፥ የግራውን ቢስቡት ወደ ግራ ይዞራል። ይህን ዓይነት በዓለም ያስወደደው በ1972 ፒተር ፓውል የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ድዬፕም ከ1980 ጀምሮ ከብዙ አገር የሚመጡ አብራሪዎች የሚሰበሰቡበትን በዓል በከተማውና በባሕሩ መካከል ባለው ሰፊ ሣር ላይ ታደርጋለች። በዓሉ የሚውለው ግን በሴፕቴምበር ወር፥ ዓመት እየዘለለ ነው። እኛ የደረስነው በዓል በሌለበት ዓመት ስለ ሆነ፥ ሣሩ ላይ ከአንድ ውሻ ጎታች ሽማግሌ በቀር ማንም አልነበረም።

ልጁ እያበረረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፥ ነፋሱ ድንገት ቢበረታ ሰርቮላኑ ከሣሩ አልፎ በጠጠሩ ላይ ወደቀ። ሮጠን ብናነሣው የታችኛው አግዳሚ ዘንግ የግራው ወገን ተሰብሯል፤ ሸራውም የጣት ርዝመት ያህል ተቀድዷል። ልጁ አላለቀሰም። «አጎቴ፥ ይህን ዘንግ ያስገባው አባባ ነው» ብቻ አለ። ይህን ሰምተን አዲስ ሰርቮላን እንገዛልሃለን ልንል የጀመርነውን ቃል ዋጥነው።

መጀመሪያ የሄድነው በወደቡ ዳር ካለ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ነው። የማጥመጃ ዘንግም ከካርቦን የተሠራ ስለ ሆነ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ሻጩ ግን የሰባራውን ዘንግ ሁለት ጫፍ አይቶ ሳቀና፥ የእርሱ ዘንግ ከእጀታው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ መሆኑን፥ የእኛ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን አሳየን። ሊሸጥልን በቻለ ነበር፤ አለመሸጡን አመሰገንን። ከእርሱ የገዛነው ዳይኒማ የሚባለውን የተጎነጎነ ክር ነው። ይህ ክር ሲስቡት አይለጠጥም፥ ስለዚህ የእጅ ትእዛዝ ሳይዘገይ ይደርሳል። ነገር ግን እሳት አይችልም፤ በ150 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣልና ሌላ ክር ተሻግሮ ቢፈትገው ይበጠሳል። እጅግም የሚያንሸራትት ስለ ሆነ፥ ቋጠሮው በሚያርፍበት ላይ ሌላ ፈትል እንደ እጅጌ ይለብሳል።

ለሸራው ወደ መርከብ ሸራ ሰፊ ሄድን። የቀላል ጀልባ ሸራና የሰርቮላን ጨርቅ ዘመዳሞች ናቸውና፥ ሰውዬው ከቁርጥራጩ መካከል ያንኑ ቀይ ቀለም አግኝቶ የሚጣበቅ ጥብጣብ ጨምሮ ሰጠን። ማዕዘኑን ክብ አድርገን እንድንቆርጠው፥ ሹል ማዕዘን ቶሎ እንደሚላቀቅም ነገረን። ዋጋ ብንጠይቅ እጁን አወዛወዘ።

ዘንጉ ግን በድዬፕ አልተገኘም። በማግሥቱ በሩዋን የቀስት ዕቃ ወደሚሸጥበት ቤት ገባን። የዛሬ ፍላጻ ከካርቦን የተሠራ ክፍት ቧንቧ ነው። እዚያ ግን የሚለካው በውስጥ ቀዳዳውና በማይታጠፍበት ኃይል እንጂ በውጭ ስፋቱ ስላልሆነ ብዙ ተከራከርን። በችሎት ፊት ሃያ ዓመት ስንጽፍ አንዲት ፊደል ብትጎድል ፍርድ እንደምትለወጥ እናውቃለን፤ እዚህም የግማሽ ሚሊሜትር ነገር እንዲሁ ሆነብን። የጎማውን መገናኛ ይዘን መሄዳችን በጀን። አራት ዓይነት ፍላጻ ከሞከርን በኋላ 6 ሚሊሜትር የሆነው ገጠመ። ልጁ ግን አንድ አይበቃም፥ ሁለት ይግዙ አለን። የቀኙ ከግራው በክብደት ወይም በጥንካሬ ቢለይ ሰርቮላኑ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላልና ነው። አባቱ አስተምሮታል።

ማታ በእኅታችን ማእድ ቤት ተቀምጠን ዘንጎቹን ቆረጥን። የሚቆረጠውን ስፍራ በጥብጣብ ጠቅልለን፥ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ መጋዝ እያዞርን፥ አፍንጫችንን ሸፍነን ነው፤ የካርቦን አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው። ጫፉን በውኃ በነከርነው ብርጭቆ ወረቀት አለዝበን፥ እንዳይሰነጠቅ ማጣበቂያ ቀባነው። በልጅነታችን በቆሎ ትምህርት ቤት ለብርዕ የሚሆነውን መቃ ወደ ብርሃን አንሥተን ቀጥ ማለቱን እንመረምር ነበር። ይህንንም ዘንግ ሳናስበው እንዲሁ አንሥተን ስናይ እኅታችን ከበሩ ላይ ቆማ ትመለከተን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ድዬፕ ስንመለስ እርስዋም አብራን መጣች። ሰርቮላኑ ተነሣ፤ ግን ጥቂት ወደ ግራ ይስብ ነበር። እኛ ዘንጉን ስንጠረጥር ልጁ አውርዶ ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የቀኙ ሁለት ጣት ያህል ይረዝም ነበር። ቋጠሮውን ፈትቶ አስተካከለውና እንደገና ቀጥ ብሎ ወጣ። እኅታችን ጫማዋን አውልቃ በሣሩ ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ ሊበርድ ሲል ልጁ ሁለቱን እጀታ አስያዛትና፥ ከኋላዋ ቆሞ እጆቿን እየያዘ ይመራት ጀመር። እኛም ሰባራውን ዘንግ በወረቀት ጠቅልለን ከሻንጣው ውስጥ አኖርን፤ አይጣል ብሎናልና።