የሹም ዕረፍት

በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ምስጋና የሚነገር አንድ ቃል እንሰማለን፤ ይኸውም «እገሌ እኮ ምሳቸውን እንኳ አይበሉም» የሚለው ነው። ተናጋሪው ሹሙን ማወደሱ ነው፤ ሰሚውም ራሱን ነቅንቆ ያደንቃል። እኛ ግን ይህን ምስጋና በሰማን ቍጥር የሚታየን፥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኚሁ ሹም ፊት የሚቆመው ባለጉዳይ ነው። የተራበና እንቅልፍ ያጣ ሰው ቍጣው ቅርብ፥ ትዕግሥቱ ሩቅ ነው። (ስለ ሃይማኖት ጾም መናገራችን አይደለም፤ እርሱ ሰዓቱም ሥርዓቱም የታወቀ ነው።) ከገጠር ብዙ ተጕዞ የመጣ አቤት ባይ በዚያ ቍጣ ተባርሮ ሲመለስ፥ ምሳ መተዉ ማንን እንደ ጠቀመ መጠየቅ ተገቢ ይመስለናል።

ሕግ አውጪውም ይህን ሳያስበው አልቀረም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 515 ለአንድ ዓመት አገልግሎት 20 የሥራ ቀን ዕረፍት ፈቅዶ፥ በየዓመቱም አንድ ቀን እየተጨመረ እስከ 30 ቀን እንዲደርስ ሲደነግግ፥ የዕረፍቱ ዓላማ ሠራተኛው ዐርፎ በታደሰ ኃይል ወደ ሥራው እንዲመለስ መሆኑን ገልጿል። ይሁንና ሥራ ሲያስገድድ የበላይ ኃላፊው ዕረፍቱን ሊያስተላልፍ ይችል ስለ ነበር፥ ብዙዎች ሹማምንት ይህን ሥልጣን ከሁሉ አስቀድመው በገዛ ራሳቸው ላይ ሠሩበት።

ከነዚህ አንዱን በሥራቸው ሆነን በማገልገል በቅርብ እናውቃቸው ነበር፤ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። ማታ ማታ መዝገብ በመኪና አስጭነው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። የደም ግፊት እንዳለባቸው ሐኪም ነግሯቸው መድኃኒት ቢያዝላቸውም፥ ኪኒኑ በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ከማኅተሙ ጋራ ተኝቶ ይውላል። የዚህ በሽታ ክፋቱ ብዙውን ጊዜ ምልክት አለማሳየቱ ነው፤ የላይኛው ቍጥር ከ140፥ የታችኛውም ከ90 በላይ ሆኖ ለዓመታት ቢቆይ እንኳ ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ይኖራል። እኚያም ሰው አንድ ማለዳ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ከአልጋ ሆነው የጠየቁን ስለ መዝገቦቹ ነበር። መዝገቦቹ ግን በሦስተኛው ቀን ለየክፍሉ ተከፋፍለው፥ አብዛኞቹ በሌላ ሰው ፊርማ አልቀው ነበር። ይህን ልንነግራቸው አፋችን አልደፈረም።

በኦሪት ዘፀአት እንደ ተጻፈው፥ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፥ ትልልቁን ጉዳይ ለራሱ አስቀርቶ ትንንሹን ለአለቆች እንዲያካፍል መክሮታል። የሚያስደንቀን ሙሴ ምክሩን መቀበሉ ነው፤ የዛሬ ሹም ቢሆን ዮቶርን ቀጠሮ ይዘህ ና ባለው ነበር።

የሚያስፈልገው ጊዜም ብዙ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለአምስት የሥራ ቀን ቢካፈል በቀን 30 ደቂቃ ይደርሳል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ያለውን ዳገት በፈጣን እርምጃ ወጥቶ የተመለሰ ሹም የዕለቱን ድርሻ አደረሰ። ሾፌሩ ግን በመጀመሪያው ቀን የተቈጡት መስሎት ከኋላ ቀስ እያለ ይከተላቸው ይሆናል። ቡናችንን መንቀፍ አይሆንልንም፤ ነገር ግን ንቃት የሚሰጠው ቅመም ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ ግማሹ ገና በሰውነት ውስጥ ስለሚገኝ፥ በአሥራ አንድ ሰዓት ስብሰባ ላይ የተጠጣ ስኒ ከምሽቱ በአራት ሰዓት እንቅልፍን ይከለክላል። ዛሬ ደግሞ መዝገቡ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ እስከ መኝታ ቤት ይከተላል፤ በሌሊት ስድስት ሰዓት የተላከ ትእዛዝም የሚቀሰቅሰው ታዛዡን ጭምር ነው።

ሹሙ ሳይወጡ ጸሓፊዋ፥ ተላላኪውና ሾፌሩ አለመውጣታቸው ማንም ያልጻፈው የመሥሪያ ቤቶቻችን ደንብ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሹሙ መዝገቡን ዘግተው ቢነሡ፥ ሦስቱም በብርሃን ወደ የቤታቸው ይገባሉ፤ ጸሓፊዋም ልጇን ሳይተኛ ታገኘዋለች።