ፈላጊው እርሱ ነው

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን ነገሌ ቦረና ላይ ማንበብና አዲስ አበባ ላይ ማንበብ ለየቅል ነው። እኛ ቆላ ውስጥ ስለጠፋው በግ ማብራሪያ የሚጠይቅ ሰው የለም። እረኛው ዱካ ያያል፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ የከብቱን መልክ፣ የጆሮውን ምልክት እየነገረ ይጠይቃል። ፀሐዩ ቢከርም፣ ውሃ ቢርቅም ይሄዳል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲቀሩ ቦረና መንጋውን አጣ። እኔም ከእግዚአብሔር የራቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። ተጣልቼው አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የሳምንቱ የጸሎት ፕሮግራም ቀረ፣ ከዚያ እሑድ፣ በኋላ ማዕድ ላይ የምንለው ምስጋና እንኳ።

የነካኝ ስብከት አይደለም። ከብቶቻቸው ያለቁባቸው አንዲት የሰፈራችን እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ በየማለዳው ስምህን ለጌታ እጠራለሁ። አንተ ብትተወው እርሱ አልተወህም» አሉኝ። ሁሉን ያጡት እሳቸው፣ የሚጸልዩት ለእኔ! መልስ አጣሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍም አልወሰደኝም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ተንበርክኬ አለቀስኩ።

በዚያ ምዕራፍ በጉ በራሱ እግር አልተመለሰም፤ በትከሻ ተሸክመው ነው ያመጡት። እኔም ተገኘሁ እላለሁ እንጂ ተመለስኩ ለማለት አልደፍርም። ክብሩ የፈላጊው ነው።

ያቤሎም ሁኑ ሞያሌ፣ ሻኪሶም ሁኑ ባሕር ማዶ፣ የራቃችሁ ወገኖቼ፣ እስክትስተካከሉ አትጠብቁ፤ እንዳላችሁ ጥሩት። የራቀ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉላቸው።