የመጀመሪያዎቹ 17 ግጥሚያዎች

ደጋፊ ከሐያሲ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነጥብ አለ። ሐያሲው ያልወደደውን ሥራ ትቶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ደጋፊው ግን የሚፈርደው ጥሎት ሊሄድ በማይችለው ነገር ላይ ነው። በመሆኑም ፍርዱ ዘወትር ከሁለት ጽንፎች ወደ አንዱ ያዘነብላል። ቡድኑ የውድድር ዘመኑን በድል ከጀመረ ደጋፊው ዋንጫውን ገና በጥቅምት ያነሣል፤ በሽንፈት ከጀመረም በኅዳር ለቅሶ ይቀመጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ፣ ማለትም አይቶ፣ መዝኖና ጠብቆ የመፍረድን መንገድ የሚከተል ጥቂት ነው።

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ቢፈለግ፣ በአሜሪካ የማያሚ ሂት የቅርጫት ኳስ ቡድን በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010/11) የውድድር ዘመን ያሳየው አጀማመር የተሻለ አስረጂ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌብሮን ጄምስ በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ሰባት ዓመት የተጫወተበትን የክሊቭላንድን ቡድን ትቶ ወደ ማያሚ እንደሚሄድ አስታወቀ። በዚያ ቀድሞውኑ የቡድኑ ምሰሶ የነበረው ድዌን ዌድ ይጠብቀው ነበር። ከቶሮንቶ የመጣው ክሪስ ቦሽም ሦስተኛ ሆነ። ሦስቱም በ1995 ዓ.ም. በአንድ ቀን ለሊጉ የተመለመሉ፣ እያንዳንዳቸውም በየቡድናቸው የመጀመሪያውን ስፍራ ይዘው የኖሩ ነበሩ። በማግሥቱ በማያሚ በተደረገው የአቀባበል ትርኢት ላይ ጄምስ ወደፊት የሚመጡትን ዋንጫዎች አንድ ሁለት እያለ እስከ ሰባት ቆጠረ። ገና አንድም ግጥሚያ አልተደረገም ነበር።

እንግዲህ በዚያ ወራት የማያሚ ደጋፊ የነበረ ሰው የተሰማውን ደስታ መገመት አያዳግትም። ከዚያች ከተማ ውጭ ያለው ተመልካች ግን በአብዛኛው ተቆጥቶ ነበር። ጄምስ የሄደበት አኳኋን ብዙዎችን ስላስከፋ፣ ማያሚ በደረሰበት ከተማ ሁሉ የሚቀበለው ጩኸትና ፉጨት ሆነ። ስለዚህ የማያሚ ደጋፊ የራሱን ቡድን በሚመዝንበት ጊዜ ፍርዱ ነጻ አልነበረም። ቡድኑ ደከመ ብሎ ማመን ለተሳዳቢው እጅ እንደመስጠት ይቆጠርበታል፤ ድካሙን አለማየት ደግሞ ራስን ማታለል ይሆናል። የዚያ ደጋፊ ፈተና ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ጥቅምት 16 ቀን 2003 ዓ.ም. ማያሚ የመጀመሪያውን ግጥሚያ በቦስተን አደረገ። በመጀመሪያው ሩብ ጊዜ ያስቆጠረው 9 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻም 88 ለ80 ተሸነፈ። ከሦስት ቀን በኋላ በሜዳው ኦርላንዶን 96 ለ70 ሲያሸንፍ ተስፋው እንደገና ለመለመ። ጥቅምት 30 ቀን ግን ዩታ ጃዝን እስከ 22 ነጥብ ከመራ በኋላ፣ ፖል ሚልሳፕ ብቻውን 46 ነጥብ አስቆጥሮበት በጭማሪ ሰዓት 116 ለ114 ተረታ። ኅዳር 18 ቀን በዳላስ 106 ለ95 ሲሸነፍ፣ ካለፉት 5 ግጥሚያዎች 4ቱን ያጣ፣ በጠቅላላውም 9 አሸንፎ 8 የተሸነፈ ቡድን ሆኖ ተገኘ። በዚያው ምሽት ጄምስ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ሲያመራ ትከሻው ከአሰልጣኙ ከኤሪክ ስፖልስትራ ትከሻ ጋር ተጋጨ። ይህች የቅጽበት ምስል በቴሌቪዥን ደጋግማ ታየች፤ ጋዜጦችም የመለያየት ምልክት አድርገው ተረጐሟት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ደጋፊ ታየ። የመጀመሪያው አሰልጣኙ ይባረር፣ የቡድኑ ፕሬዚዳንት ፓት ራይሊ ራሱ ይረከብ የሚል ነበር። ለዚህም ማስረጃ አላጣም፤ ራይሊ በ1998 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መካከል ከስታን ቫን ጋንዲ ሥራውን ተረክቦ በዚያው ዓመት ዋንጫ አንሥቷል። ስፖልስትራ በበኩሉ ከቪዲዮ ክፍል ሠራተኛነት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ያደገ የ40 ዓመት ሰው ነበርና፣ ሦስት ዝነኞችን ሊያዝ አይችልም ተብሎ ተፈረደበት።

ሁለተኛው ደጋፊ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የተቀመጠው ነው። ይህ ሰው 9 ለ8 የሚለውን ቁጥር ብቻ አልተመለከተም። ቡድኑ ሲያሸንፍ በምን ያህል እንዳሸነፈ፣ ሲሸነፍም በምን ያህል እንደተሸነፈ ጠየቀ። ኦርላንዶን በ26 ነጥብ፣ ሚኒሶታን 129 ለ97፣ ማለትም በ32 ነጥብ ረትቷል። በአንጻሩ በኒው ኦርሊንስ በ3፣ በዩታ በ2፣ በሜምፊስ በ2 ነጥብ ነበር የተሸነፈው። ሦስት ሽንፈት በድምሩ 7 ነጥብ! ከዚህም ሌላ ዌድ በዝግጅቱ ወራት ጅማቱን ታሞ ከአዲሶቹ ጓደኞቹ ጋር ለመለማመድ ጊዜ አላገኘም። ከሩቅ የመወርወር ችሎታው ታምኖበት የመጣው ማይክ ሚለር አውራ ጣቱ ተጐድቶ ሜዳ አልገባም ነበር። የቡድኑ የመከላከል ጀርባ አጥንት የሆነው ኡዶኒስ ሃዝለምም በኅዳር ወር የእግሩ ጅማት ተበጥሶ ወጣ። ስለዚህ ይህ ደጋፊ፣ ቡድኑ ከመዝገቡ የሚበልጥ ነው፤ ይታገሡት ሲል ፈረደ።

ፍርዱም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ማያሚ ከኅዳር 20 ቀን ጀምሮ በተከታታይ 12 ግጥሚያ አሸነፈ፤ ጠቅላላው ሲቆጠርም ከ22 ግጥሚያ 21ዱን ረታ። ኅዳር 23 ቀን ጄምስ ወደ ቀድሞ ከተማው ወደ ክሊቭላንድ ተመልሶ፣ ሕዝቡ እየጮኸበት 38 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ 118 ለ90 አሸነፈ። የውድድር ዘመኑም በ58 ድልና በ24 ሽንፈት ተደመደመ። አሰልጣኙን ያባርሩት ያለው ደጋፊ የተናገረውን እንዳልተናገረ ሆኖ ጨፈረ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሁለተኛውም ደጋፊ፣ ባለ እርሳሱ፣ ያላየው አንድ ነገር ነበር። በጠባብ ልዩነት የተሸነፉትን ግጥሚያዎች ዕድል ብሎ አልፏቸዋል። ዕድል የሚለው ቃል ስሕተት አልነበረም፤ ሙሉ ግን አልነበረም። እነዚያን የመጨረሻ ደቂቃዎች በዓይኑ የተከታተለ ሰው ሌላ ነገር ያይ ነበር። ግጥሚያው ሲጠብብ ኳሱ ይቆማል። ዌድ ሲይዝ ጄምስ ቆሞ ያያል፤ ጄምስ ሲይዝ ዌድ ቆሞ ያያል፤ ቦሽ ደግሞ ከዳር ሆኖ ተራ ይጠብቃል። ይህም መሪ ተዋናይ ብቻ ሆነው የኖሩ ሦስት ሰዎች በአንድ ቴአትር ሲመደቡ ከሚደርሰው ሁኔታ አይለይም። እያንዳንዱ የራሱን ንግግር አሳምሮ ይወጣል፤ ጓደኛው በሚናገርበት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም። በመድረክ ላይ ከመናገር ይልቅ ማዳመጥ እንደሚከብድ የሚያውቀው መድረክ ላይ የቆመ ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ የጨዋታውን አመጣጥ ማስታወስ ይጠቅማል። ቅርጫት ኳስን በ1884 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር ነበር። መጀመሪያ ባወጣቸው 13 ሕጎች ውስጥ ተጫዋች ኳስ ይዞ እንዳይሮጥ ተከልክሏል፤ ኳሱን የሚወረውረው ከያዘበት ስፍራ ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ሲወለድ ቅብብል የውበት ጉዳይ ሳይሆን ግዴታ ነበር። ኳስ እያነጠሩ ብቻን መሄድ ኋላ የመጣ ነገር ነው።

በኅዳር የታየውና በክረምቱ ድል የተሸፈነው ድካም በግንቦት ወር ገሃድ ወጣ። ማያሚ ለዋንጫው ከዚያው ከዳላስ ጋር ተገናኘ። በሁለተኛው ግጥሚያ ሰባት ደቂቃ ያህል ሲቀር በ15 ነጥብ ይመራ ነበር። ከዚያ ኳሱ ቆመ፤ ዳላስም 95 ለ93 አሸነፈ። በስድስቱ ግጥሚያዎች ጄምስ በአማካይ ያስቆጠረው 17.8 ነጥብ ብቻ ነበር። ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ዲርክ ኖቪትስኪና ጓደኞቹ በማያሚ ሜዳ 105 ለ95 አሸንፈው፣ በጠቅላላው 4 ለ2 ዋንጫውን ወሰዱ። በዩታ ግጥሚያ በ22 ነጥብ መርቶ መሸነፍ፣ ከሰባት ወር በኋላ ለሚደርሰው ሽንፈት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ማን ዋንጫ እንደሚያነሣ አይናገሩም ማለት ነው። ሂውስተን በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን 15 ግጥሚያዎች በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫውንም ወሰደ። ጎልደን ስቴት በ2008 ዓ.ም. 24 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፎ ጀመረ፤ 73 አሸንፎ 9 ብቻ ተሸነፈ፤ በፍጻሜውም 3 ለ1 ከመራ በኋላ፣ ወደ ክሊቭላንድ በተመለሰው በዚያው በጄምስ ቡድን ተረታ። አጀማመር የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ ቡድኑ ገና ያልተማረው ምን እንደሆነ ያመለክታል። ትምህርቱን መማርና አለመማር የቡድኑ ፈንታ ነው።

ማያሚ ተማረ። አሰልጣኙ አልተባረረም። በ2004 ዓ.ም. ቦሽ ተጐድቶ በተለየ ጊዜ ስፖልስትራ የተጫዋቾቹን ስፍራ እንደገና አደላደለ። ጄምስ ወደ ቅርጫቱ ቀርቦ ተከላካዮችን ወደ ራሱ እየሳበ ኳሱን ለውጭዎቹ ያቀብል ጀመር። ሰኔ 14 ቀን ኦክላሆማ ሲቲ 121 ለ106 ተሸንፎ ዋንጫው ማያሚ ሲገባ፣ ጄምስ ካስቆጠረው 26 ነጥብ ሌላ ለጓደኞቹ 13 የነጥብ ኳሶችን አቀብሏል። ከሩቅ 7 ባለ 3 ነጥብ ያገባውም በዚያ ክፉ ኅዳር አውራ ጣቱን ታሞ የተቀመጠው ማይክ ሚለር ነበር። በተከታዩ ዓመት ማያሚ ሳን አንቶኒዮን 4 ለ3 አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ። ሰባት ዋንጫ ግን አልመጣም፤ ሁለት ብቻ መጣ፤ ጄምስም በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ወደ ክሊቭላንድ ተመለሰ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ይህን የሚናገር ሁሉ ስለ አንበሳው እንጂ ድሩ ስለሚያብርበት ጊዜ አያነሣም። ድሩ ሲፈተል ይበጠሳል፤ ሲቋጠርም ይወሳሰባል፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሥራው የተበላሸ ይመስለዋል። እውነተኛ ደጋፊ ግን ከፈታዩ አጠገብ ተቀምጦ የተበጠሰውን ክር አይቶ አይደብቅም፤ ስለተበጠሰም እንዝርቱን አይሰብርም። በቡድን ላይም፣ በቴአትር ላይም፣ በክፍሉ ገና አንድ ወር ባስቆጠረ ተማሪ ላይም የሚሰጥ ቅን ፍርድ ይህንኑ ዓይንና ይህንኑ ትዕግሥት አንድ ላይ ይጠይቃል።