ቮልሷን ልግዛት ወይስ ልተዋት?

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጌ ቮልስ በርካሽ ትሸጣለች። ዘመዶቿ የዋዛ አይደሉም፤ የስፖርት መኪናዋ ፖርሽ 356 እንኳ እ.ኤ.አ. በ1948 ስትወለድ ብዙ ዕቃ የተዋሰችው ከቮልስ ነው። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ፣ ሐይቁ አጠገብ ቆማም ጠብታ ውሃ አትሻም። ጠላቷ ግን ያው ውሃ ነው። የኋላ መቀመጫዋን አንስቼ ባትሪው ሥር ስነካው ወለሏ በዝገት ረገፈ። ሞተር ይፈታል፣ ይገጠማል፤ የተበላ ወለል ግን ተቆርጦ መበየድ አለበት። እኔ ደግሞ በየጽሑፉ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ፤ ብየዳው የወራት ድካሜን ይውጣል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ያስጻፉት ወንጌል ለዘመናት የኖረው ጠባቂ ስላላጣ ነው። አሮጌ ነገር የሚገዛም አንዴ ከፍሎ አይገላገልም፤ ጠባቂነት ይገባል እንጂ። ስለዚህ ባለቤቷ የብየዳውን ወጪ ከዋጋዋ ከቀነሰልኝ እገዛታለሁ። ካልቀነሰ፣ ከእኔ የተሻለ ጠባቂ ታግኝ።