የእድሩ መዝገብና የእኔ ዩኒክስ

በመጽሔታችን ስለ ኮምፒዩተር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጥቅሙ ነው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት በቤታችን አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ያደረስሁትን ጥፋትና ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ተነሣሁ። አባቴን ባስፈቅዳቸው «ሳትቀንስ ጻፈው» ብለውኛል።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። የአባላቱን ወርሃዊ መዋጮ ለብዙ ዘመን በትልቁ መዝገብ ላይ ሲጽፉ ኖረው ከጥር ወር ጀምሮ በእኔው ጉትጎታ መዝገቡን ትተው በኮምፒዩተር መጻፍ ጀመሩ። ኮምፒዩተሩ ግን ያረጀ ስለሆነ ለመነሣት ብቻ ቡና እስኪፈላ ድረስ ያስጠብቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስለ ዩኒክስ አነብ ነበር። ዩኒክስ ማለት እነ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመሩት ሥርዓት፣ ይኸውም የኮምፒዩተሩን ሥራ ሁሉ የሚመራ ዋና ፕሮግራም ነው። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ የራሳቸውን ሥራ ጨመሩበት፤ ከእነሱም ዘር እ.ኤ.አ. በ1993 ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ወጣ። ዋጋ አይከፈልበትም፤ በአሮጌ ማሽንም ላይ ይሠራል። ይህን ካነበብሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ።

ከአንድ ጊጋ ባይት በላይ የሆነውን የመጫኛ ፋይል ከጓደኛዬ ቤት አውርደን በፍላሽ ላይ ጻፍነው። አሳቤ ዲስኩን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለአባቴ ሥራ ትቼ በግማሹ እኔ ልማርበት ነበር። መጫኛው ተራ በተራ ይጠይቃል፤ የቁልፍ ሰሌዳውን ዓይነት፣ የማሽኑን ስም፣ ቀጥሎም የዲስኩን ነገር። «ዲስኩን በሙሉ ልያዘው ወይስ ከሌላ ሥርዓት ጋር ልካፈለው? በሙሉ ከያዝሁት በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ይላል በእንግሊዝኛ። እኔ ግን መብራት ሳይጠፋ ለመጨረስ ቸኩዬ ስለ ነበር ቁልፉን እጫናለሁ እንጂ አላነብም። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሲደግምልኝም «አዎ» አልሁት። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ አስጠንቅቆኛል።

ሥራው አልቆ በጥቁር ገጽ ላይ ስሜን ሲጠይቀኝ ምንኛ ደስ አለኝ! ደስታዬ ግን የእድሩን ፋይል እስክፈልግ ድረስ ብቻ ነበር። ከጥር እስከ ሰኔ የተጻፈው የስድስት ወር መዋጮ የለም። አባቴ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም፤ ቅጂ መያዝን ማስተማር የእኔ ፈንታ ነበር።

አባቴ የሚጽፉት በወር አንድ ጊዜ ስለሆነ ሦስት ቀን ዝም ብዬ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ጡሩምባ ተነፋ። የአንድ አባል እናት ዐርፈው ነበር። እድራችን ለቀብር ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት መዋጮው መከፈሉን ከመዝገብ ያያል። ያን ጊዜ እየተንቀጠቀጥሁ ለአባቴ ነገርኋቸው። አልጮኹም፤ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ወንበር ተሸክሜ ወደ ድንኳኑ ስደርስ ለሊቀ መንበሩ ሲናገሩ ሰማኋቸው። «መዝገቡ ከእኔ እጅ ጠፍቷል። ይህ ቤት ግን መክፈሉን አውቃለሁ፤ ቢጎድል ከኪሴ ነው» አሉ። ስለ እኔ አንድ ቃል አላነሡም። ወንበሮቹን የት እንዳስቀመጥኋቸው አላስታውስም።

ማታ አባቴ «ሁሉም አባል የመዋጮ ደብተር አለው፤ ገንዘብ ሰብሳቢው በየወሩ ይፈርምበታል። ነገ ተነሥ» አሉኝ። በዚያ ዝናብና ጭቃ 84 ቤት ዞርሁ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ልትሰርዙኝ ነው እንዴ?» ብለው ደነገጡብኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ደብተራቸውን ከሣጥን ውስጥ እስኪያገኙ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀመጡኝ፤ ቆሎ ግን አልጎደለብኝም። በጠቅላላው ዘጠኝ ቀን ፈጀ።

ማታ ማታ የሰበሰብሁትን የምጽፍበት ፕሮግራም መጫን ነበረብኝ። ፍሪቢኤስዲ እንደ ተጫነ እንደ ባዶ ቤት ነው፤ በመስኮት የሚከፈት ገጽ የለው፣ የሂሳብ ሰንጠረዥ የለው። የቀረውን ሁሉ የሚያመጣው ፒኬጂ የሚባለው የጥቅሎች አስተዳዳሪ ነው። መጀመሪያ ስጠራው እሱ ራሱ አልተጫነም ነበርና «ላምጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎ «ፒኬጂ ኢንስቶል» ብዬ ሊብሬ ኦፊስን ስጠራ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተከትሎት ተሰለፈ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራምና። ከማውረዱ በፊት ግን የሚመጡትን በየስማቸው ዘርዝሮ፣ ስንት ሜጋ ባይት እንደሚወርድና ከዲስኩ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ጽፎ «ልቀጥል?» ይላል። የኢንተርኔቱን ሂሳብ የምከፍለው ከኪሴ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ተጠንቅቄ ማንበብ ለመድሁ። በመካከሉ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ደግነቱ ወርደው ያለቁት ጥቅሎች በዲስኩ ላይ ስለሚቀመጡ እንደገና አላወረድኋቸውም። የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ቢያስቸግረኝ የግዕዝ ፊደል የሚገኝበትን ኖቶ የተባለ የፊደል ጥቅል ጨመርሁ፤ የአባላቱም ስም ተነበበ።

አባቴ ከኋላዬ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ፒኬጂ የገባውን ጥቅል ሁሉ፣ የእያንዳንዱን ፋይሎችና ማን በማን እንደሚደገፍ በመዝገብ እንደሚይዝ አስረዳኋቸው። አንድ ጨዋታ አስወጥቼ «ፒኬጂ አውቶሪሙቭ» ብል፣ በእሱ ምክንያት ገብተው አሁን ፈላጊ ያጡትን ዘርዝሮ አሳየን። አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ዝርዝሩን ተመለከቱና፣

«ይኸማ የእድር ጸሐፊ ነው» አሉ። ቆይተውም «ካንተ ይሻላል» ብለው ሣቁ። ከዚያ ጡሩምባ ወዲህ ሲሥቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አሁን አባቴ በማሽኑ ይጽፋሉ፤ ወሩ ሲያልቅ ፋይሉን በፍላሽ እገለብጣለሁ፤ ትልቁም መዝገብ ከመደርደሪያው ወርዶ ተመልሷል። ጥቅሎቹን ለማደስ በተቀመጥሁ ቁጥር ማሽኑ «ልቀጥል?» ሲል አባቴ ከኋላዬ «ምን አለህ?» ይሉኛል። እኔም እጄን ከቁልፉ ላይ አንሥቼ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ አነብላቸዋለሁ።